የወንድምአገኝ ጉልበት

ደግሞ ዶክተሯ የወንድምአገኝን እግር እንኳ አላየችውም አሉ፣ ያየችው ቴሌቪዥን ነው፣ እጇ ጉልበቱ ውስጥ ዓይኗ ቴሌቪዥን ላይ፣ ተክለጻድቅ ይህን ሲያስብ የመንገዱ ድንጋይ ሁሉ ሆን ብሎ የሚያደናቅፈው ይመስለዋል፣ ሰው የማያየውን እንዴት ይበሳል፣ ገበሬ ዓይኑን ገበያ ላይ ጥሎ ያርሳል? አያርስም። ማረሻውን ይሰብራል እንጂ። ደግሞ ሴት ናት፣ ይሁን፣ ሴትነቷስ ግድ የለም፣ የወጌሻ እጅ ያወረሱት እናቱም ሴት ነበሩ፣ ግን የመርሐቤቴ ሴት! ግሼ ላይ አድጎ ግሼ ላይ የታሸ ጉልበት፣ የዚያው የመርሐቤቴ የዓለም ከተማ ልጅ አዲስ አበባ ሆና በመሰርሰሪያ ትጫወትበት?

ከፊቱ ሚስቱ የትምወርቅ በነጠላ የተጠቀለለ ዳቦ ታቅፋ ትሄዳለች፣ ዞር ትላለች፣ ምን ታጉረመርማለህ፣ ምንም፣ የታመመ ልንጠይቅ እኮ ነው የምንሄደው ፊትህን ፍታው እንጂ፣ ፊቴ ምን ሆነ፣ ሐምሌ መስሏል። ትስቃለች። እሱ አይስቅም። ጉሙ ከቆላው በኩል እየተግተለተለ ወጥቶ የራቤል ከተማን ቆርቆሮ ሁሉ ውጦታል፣ ብርዱ ጣቱን ይቆረጥመዋል፣ ጣቱን ጋቢው ውስጥ ይከታል፣ ይህ ጣት ያልነካው የግሼ አጥንት የለም፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከዛፍ የወደቀ፣ በቅሎ የረገጠችው፣ ከአይሱዙ ጭነት ላይ የተፈናጠረ፣ ሁሉም ተክሌን ጥሩልኝ፣ ወጌሻ ተክሌን፣ አሁን ግን ማን ይጠራዋል፣ አሁን ሁሉም ኮምፒውተር ነው፣ ውሃ ሲቀዳም ሣር ሲሸጥም ኮምፒውተር፣ ኮምፒውተሩ እንዲህ አለ ኮምፒውተሩ እንዲያ አለ። ኮምፒውተር አፍ አለው?

መብራት ቢጠፋስ? ይህን ልጠይቃት ይላል፣ ዶክተሯን፣ ፀጋ ነው ስሟ፣ ዶክተር ፀጋ፣ ሳያያት በልቡ ስንት ጊዜ ተሟግቷታል፣ በግ ሲጠብቅ፣ ቅዳሴ ቆሞ ሳይቀር፣ እግዜር ይቅር ይበለው፣ ልጄ መብራት ቢጠፋ ምን ትሆኛለሽ፣ የሰው ጉልበት ከፍተሽ በጨለማ ልትቀሪ ነው? የእኔ ጣት መብራት አይጠፋበትም። በልቡ ውስጥ እሷ ሁልጊዜ አንገቷን ትደፋለች፣ ሁልጊዜ፣ እውነትዎን ነው ጋሼ ትላለች፣ አንዳንዴም ስልክ ይደወላል፣ የወንድምአገኝ ጉልበት አብጧል ማሽኑ አቅቶታል እባክዎ ይድረሱልኝ፣ እሱም ወዲያው አይሄድም፣ ጥቂት ያስለምናቸዋል፣ ከዚያ ጋቢውን ይደርባል።

ስልኩ ግን አልተደወለም። ጉልበቱም አላበጠም። ወንድምአገኝ አምስት ወር አዲስ አበባ ቆይቶ ትናንት ከአውቶቡስ ራሱ ወረደ አሉ፣ ያለ ምርኩዝ፣ ዳገቱን ራሱ ወጣ፣ የሰፈሩ ሰው ቆሞ ሲያየው ነበር አሉ፣ አሉ አሉ አሉ፣ ተክለጻድቅ ቤቱ ሆኖ ይህን ሁሉ ከሰባት ሰው ሰምቷል፣ ሰባቱም ሲነግሩት ፊቱን እያዩ ነበር። ቀንቷል ሊሉት ነው። እሺ ቀንቷል! ቀንቷል፣ ሚስቱን ቆንጆ ናት እያሉ ሌሎች ወንዶች ሲያዩበት እንኳ በጉብዝናው ዘመን እንዲህ አልሆነም፣ በአንዲት ባላያት ልጅ እጅ፣ በአንድ ማሽን፣ እርር ድብን ብሏል።

ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ባዶ ሚስማር አለ። ከበሩ አራተኛው። የእናቱ ሥርዓት ነው፣ የዳነ ሰው የታሰረበትን የቀርከሃ ስንጥር በገዛ እግሩ ይዞ ይመጣና በገዛ እጁ ይሰቅለዋል፣ ልኮ አይሆንም፣ ስንት ስንጥር ተሰቅሏል እዚያ ግድግዳ ላይ፣ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፣ ለወንድምአገኝ ግን ሚስማሩን ቀድሞ መታለት፣ በርግጠኝነት፣ ያን ቀን ማታ ነው የመታው፣ ሚስማሩ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው ባዶውን ዝጎ፣ የትምወርቅ አንድ ቀን ወንፊት ሰቀለችበት፣ ተቆጣት፣ አወረደችው።

ያን ቀን። አይ፣ ያን ቀን ይቅር። ዳገት ነው፣ ትንፋሽ ይፈልጋል።

ግን ይመጣል፣ ሳይጠሩት፣ ጓሳው፣ የተከለለው የጋራ ሣር ሜዳ፣ ለማጨጃ የተከፈተ ሰሞን ነበር፣ ወንድምአገኝ በእናቱ ወገን ድርሻ አለውና ከሁሉ ቀድሞ ፈረሱን ጋልቦ ሄደ፣ ሣሩን በፈረሱ ጭኖ በእግሩ ሲመለስ እግሩ ፍልፈል የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ገባ፣ ገላው ወደ ግራ ዞረ እግሩ አልዞረም፣ ቋ አለ ብሏል ራሱ፣ ሣሩን አራግፈው እሱን በፈረሱ ጭነው አመጡት፣ ገበያ ቀን፣ ሰዉ እንደ ጉድ ግልብጥ ብሎ ወጣ፣ ቁርበት ተነጠፈ፣ ተክሌ መጣ ዘወር በሉ፣ ዘወር አሉ። ደስ ሲል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር፣ ልጁ እየጮኸም ቢሆን፣ ያ ሁሉ ሰው መንገድ ሲለቅ።

ደረስን፣ ትላለች የትምወርቅ።

እንዴት ዋላችሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንኳን እግዜር ማረልሽ፣ እንኳን አብሮ ማረን፣ ቤቱ ጢም ብሏል፣ ጠላ በጣሳ ይዞራል፣ እትዬ ውባየሁ የልጁ እናት እንደ ሠርግ ቀን ከወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ ሰባ ዓመታቸው ነው ማን ያምናል፣ ተክሌ! መጣህልኝ? ና ከላይ ተቀመጥ፣ ወንድምአገኝ መደብ ላይ ነው፣ ሲያየው ይነሳል፣ ይነሳል! በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ፣ በእግዜር ይቀመጡ ጋሼ ተክሌ፣ ኧረ አንተ አትነሳ፣ ጎንበስ ብሎ የተክለጻድቅን ጉልበት ይስማል፣ ተክለጻድቅ ግንባሩን ይስመዋል፣ ዓይኑ ግን የት ነው፣ ዓይኑ ሱሪው ላይ ነው፣ እዚያች ጉልበቱ ላይ ጨርቋ ወጣ ያለችበት ቦታ ላይ፣ የሰው ሚስት የሚያይ ይመስል ቶሎ ዓይኑን ይሰብራል።

ልጁ ለሰዉ እየተረከ ነበር፣ ቀጥል አሉት፣ ይቀጥላል፣ ወገቤን በመርፌ ወጉኝ፣ ከወገቤ በታች የሌላ ሰው ሆነ፣ ግን ነቅቻለሁ፣ ሁሉን አያለሁ፣ የጭኔ አጥንት ላይ ቀጭን ብረት ተከሉ፣ ቅልጥሜም ላይ፣ ጫፋቸው ላይ የሚያብለጨልጩ ትናንሽ ኳሶች አሉ፣ ማዶ ሁለት ዓይን ያለው ማሽን ቆሞ ኳሶቹን ያያል፣ እግሬን ሲያነቃንቁት ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሥዕልም ይነቃነቃል፣ ማርያምን! ትላለች አንዷ፣ ዶክተር ፀጋ እስክሪብቶ በመሰለ ብረት አጥንቴን እዚህም እዚያም ነካ ነካ ስታደርገው የገዛ ጉልበቴ ተሣለ፣ አጥንቱ እንዳለ፣ ከዚያ ማሽኑ ይመራታል፣ እዚህ ጋ ብትበሺ ጅማቱ ይላላል፣ ሁለት ሚሊሜትር ወደዚያ ሲሆን ይጠብቃል፣ ሁለት ሚሊ እኮ የጤፍ ፍሬ ናት፣ ከጭኔ ጀርባ የራሴን ጅማት መዝዛ፣ አጥፋ ገምዳ፣ በበሳችው አሳልፋ አሰረችው።

የራሱን ጅማት። ተክለጻድቅ ጣሳውን ይዞ አይጠጣም፣ ከራሱ ጭን መዝዛ፣ ይህን ማንም አልነገረውም ነበር፣ የተቀደደ ቀሚስ ከራሱ ጠርዝ ቆርጦ እንደመጣፍ፣ ጎበዝ ናት፣ ምን ጎበዝ! አዎ ጎበዝ ናት፣ ይህ ሐሳብ ለምን ለእሱ አልመጣም፣ ቢመጣስ በምን ይከፍተዋል፣ በበግ ማረጃ ቢላዋ? ሰዉ ሁሉ አፉን ከፍቶ ወንድምአገኝን ያያል፣ ወንድምአገኝ ጉልበቱን ያያል፣ እሱን የሚያየው የለም። አንድም ሰው።

ከመበሳቷ በፊት ቅልጥሜን ወደፊት ሳበችው፣ ይላል ልጁ፣ ኮምፒውተሩ አሥራ አራት ሚሊ አለ፣ ያን ያህል አጥንቴ ከቦታው ይሄዳል ማለት ነው፣ አስራው ስታበቃ እንደገና ሳበችው፣ አምስት። አምስት አለ! እንደ እርስዎ ነው አያያዟ ጋሼ ተክሌ፣ አንድ እጇን ከላይ አንድ እጇን ከታች።

አሁን ሁሉም ወደ እሱ ይዞራል፣ ደግሞ አሁን። እንደ እኔ? ይላል፣ እንደ እኔ ከሆነ ዓይኗን ጨፍና ነበር በለኛ፣ ይስቃሉ፣ ሁሉም ያውቃሉ፣ ተክሌ ሲዳስስ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ዓይን ይዋሻል ጣት አይዋሽም ይሉ ነበር እናቱ፣ እስኪጨርስ አይገልጠውም፣ ይኸው የእሱ መለያ ነው፣ ይህን አንድ ነገር እንኳ አትወስድበትም፣ ወንድምአገኝ ግን አይስቅም፣ እንዴት አወቁ ይላል፣ ማሽኑ ፊት አይደለም፣ መጀመሪያ ቀን ክፍሏ ስታየኝ፣ ልክ እንደ እርስዎ ጨፍና ሳበችው፣ አንዴ ብቻ፣ ከዚያ ገለጠችና ተበጥሷል አለችኝ፣ ፎቶ ሳይነሳ፣ ምንም ሳይነሳ።

አንዴ ብቻ።

ቤቱ ጠባብ ነው፣ ጢሱ ነው፣ የሰው ትንፋሽ ነው፣ ሰባት ጊዜ ነው እሱ የሳበው፣ በአንድ ዓመት ተኩል ሰባት ጊዜ፣ ቅቤ አሽቶ፣ አስሮ፣ ፈትቶ፣ ቶሎ ረግጠህበት ነው፣ ብርድ አስመትተኸው ነው፣ ገመገም መውረድ አበዛህ፣ ልጁም እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ፣ ቁልቁለት ላይ ጉልበቱ እየከዳው ጆንያ ተሸክሞ ሲወድቅ፣ ፈረሱን ሲሸጥ፣ እሺ ጋሼ፣ እና እሷ አንዴ ጨፍና አንዴ ስባ፣ የማን ልጅ ናት፣ ማን አስተማራት፣ የእናቴ እጅ መርሐቤቴ ምን ሊያደርግ ሄደ?

ታዲያ ምን አለች ስትሸኝህ፣ ይጠይቃል አንዱ፣ ወንድምአገኝ ጣሳውን ያያል፣ እንቅስቃሴውን እንዳላቋርጥ፣ ዘጠኝ ወር ሳይሞላ ፈረስ እንዳልጋልብ፣ ከተሠራልኝ ገና አምስት ወር ነው፣ እና፣ ሌላስ? ሌላ ምንም፣ አለ እንጂ! ይላሉ እትዬ ውባየሁ ከጓዳ፣ ተናገር እንጂ! ወጌሻ እንዳይነካህ ብላዋለች! ምን አባቷ ታውቃለች!

የትምወርቅ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ያልተዛነፈውን፣ ተክለጻድቅ ፈገግ ማለት እንዳለበት ያውቃል፣ ፊቱ እምቢ ይለዋል። ወጌሻ። ስሙን እንኳ አታውቀውም፣ ወጌሻ ብላ ብቻ፣ እንደ ዝንብ፣ እንደ ብርድ፣ እንዳይነካህ።

እትዬ ውባየሁ ወጥተው መጡ፣ እጃቸው ላይ ያኔ ጉልበቱ የታሰረበት ቀርከሃ፣ አራቱም ስንጥር በራሱ ገመድ የታሰረ፣ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠውት ኖሯል፣ ስማ ተክሌ፣ እኔ ማሽን አላውቅም፣ ይህን ልጅ ስወልደው እትብቱን የቆረጡት እናትህ ናቸው፣ አንተ ዳስሰህ ዳነ ካላልከኝ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ዳስሰው፣ ከዚያ ስንጥሩን ይዞ ቤትህ ይምጣ፣ ይስቀለው፣ የጀመርከው አንተ አይደለህም ወይ? አዎ! ይላሉ ሰዎቹ፣ እውነት ነው፣ የጀመረው እሱ ነው፣ ባያስረው ኖሮ ምን ይተርፍ ነበር፣ ዳስሰው ተክሌ፣ እትዬ እሷ እኮ፣ ይላል ወንድምአገኝ፣ ዝም በል አንተ!

ልጁ ያየዋል። ከዚያ የሱሪውን እግር ቀስ ብሎ ይሰበስባል።

አወይ ጉልበት። ሦስት ትናንሽ ጠባሳ ብቻ፣ አንድ ደግሞ ከበታች ረዘም ያለ፣ እብጠት የለ፣ ተክለጻድቅ ይንበረከካል፣ መቼ ተነሳ መቼ ተንበረከከ፣ ሚስማሩ ይታየዋል፣ ስንጥሩ ተሰቅሎበት፣ እንግዳ ሲገባ ይኼ የማነው፣ የወንድምአገኝ፣ ያ የጓሳው? እሱስ አዲስ አበባ አይደል የዳነ? ኧረ ተክሌ ነው የጀመረው! ዳነ ያለውም ተክሌ ነው! አንድ ቃል ናት፣ አንዲት ዳነ፣ ስሙን ሁሉ መልሳ የምትሰጠው፣ እጁ ይሄዳል፣ ራሱ ነው የሚሄደው፣ አንዱ ከጉልበቱ ሎሚ በላይ ጭኑን፣ አንዱ ከበታች ቅልጥሙን፣ ሙቅ ነው፣ ዓይኑ ይጨፈናል።

ጨለማ። ደስ የሚል፣ የለመደው ጨለማ፣ እዚህ ማንም የለም፣ መርሐቤቴም አዲስ አበባም የለም፣ ሥጋና አጥንት ብቻ፣ ያ አዲሱ ጅማት ደግሞ ከውስጥ፣ ይኖራል፣ ቢስበው ያገኘዋል፣ በመጫኛ የታሰረ ጥጃ መጫኛው ሲያልቅ ቀጥ እንደሚል ቀጥ ሲል ይሰማዋል፣ አምስት ሚሊ፣ ትንሽ ጠበቅ አድርጎ ቢስበውስ? አምስት ወሩ ነው፣ ገና አጥንቱን አልያዘም፣ ለዚህ እኮ ነው አትንኩት ያለችው፣ ጠበቅ አድርጎ፣ አንዴ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ጣት፣ ማን ያውቃል? ማንም። ነገ ሲያብጥ የማሽኑ ቋጠሮ ላላ ይላሉ፣ ስልኩ ይደወላል፣ ጋሼ ይድረሱልን።

ጣቱ ጠበቅ ይላል።

ልጁ ትንፋሹን ይዟል። ጭኑ እጁ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ትንሽ፣ ፈርቷል፣ ፈርቶም እግሩን አላሸሸም፣ እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ እንዳለው ሁሉ፣ ያን ጊዜም እንዲሁ ነበር፣ ቁርበቱ ላይ፣ ያን ቀን፣ ይኸው መጣ፣ ይምጣ፣ ያን ቀን ሳበው፣ ቅልጥሙ መጣ፣ መጣ፣ ቀጥ የሚልበትን ጠበቀ፣ ቀጥ አላለም። መጫኛ የለውም። ጣቱ በግልጽ ነገረው፣ ተበጥሷል አለው፣ አንተ የምትሠራው ነገር የለም አለው፣ እሱም ሰማ፣ ጥርት አድርጎ ሰማ፣ ከዚያም የገበያው ሰው ዝም ብሎ ሲጠብቅ፣ ገባ! አለ፣ እልል በሉ! እልልታው ቀለጠ።

እጁን ያነሳል። ሁለቱንም። ዓይኑን ይገልጣል፣ ሰዉ ሁሉ ወደ አፉ ተንጠራርቷል፣ እትዬ ውባየሁ ስንጥሩን ደረታቸው ላይ ይዘዋል፣ እ? ይላሉ፣ እ ተክሌ?

አልስበውም፣ ይላል፣ አይነካም ብላለች አይነካም፣ ኧረ ምን ሆነሃል ይላሉ፣ ይሄ ስንጥር የእኔ አይደለም እትዬ፣ እሱን ያዳነው የእኔ እጅ አይደለም፣ ያን ቀን ጅማቱ ተበጥሶ ነበር፣ ጣቴ ነግሮኝ ነበር፣ አውቄ ነው ገባ ያልኩት። ዓመት ተኩል ያስነከስኩት እኔ ነኝ። ድምፁ ከሌላ ሰው የሚወጣ ይመስለዋል፣ የትምወርቅ አንገቷን ትደፋለች፣ እትዬ ውባየሁ አፋቸውን በመዳፋቸው ይይዛሉ፣ ከበሩ በኩል አንዱ ያስላል፣ አለቀ፣ ይኸው አለቀ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ትንፋሽ፣ የሚገርመው ግን ቅናቱ አልወጣም፣ እዚያው ነው፣ አሁንም ይቀናል፣ አንዴ ስባ አንዴ እውነቱን በመናገሯ ይቀናል።

አውቅ ነበር እኮ፣ ይላል ወንድምአገኝ ቀስ ብሎ፣ የሱሪውን እግር እያወረደ።

ምኑን?

እንዳልገባ። ልጅ ሆኜ ስንቱን ሰው ሲዳስሱ አይቻለሁ ጋሼ ተክሌ፣ እስኪጨርሱ ዓይንዎን አይገልጡም፣ ያን ቀን ግን ጉልበቴ እጅዎ ላይ እያለ ዓይንዎን ገለጡ፣ ቀና ብለው ሰዉን አዩ።

እና ለምን አልተናገርክም?

ሰው ፊት? እርስዎን?

ተክለጻድቅ እዚያው እንደተንበረከከ ነው፣ መነሳት አለበት፣ አይነሳም፣ ቴሌቪዥን ነው ያየችው ይል ነበር፣ ስንት ወር፣ ለየትምወርቅ፣ ለጎረቤት፣ ለበጎቹ፣ እግሩን ሳይሆን ቴሌቪዥን፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ግን ያለው ይኼው ነው፣ የዚህ ልጅ ጉልበት ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም፣ ዓይኗን ከጉልበቱ አላነሳችም እኮ፣ እሱ ነው እንጂ፣ ልጁ እጁ ላይ እየጮኸ፣ እሱ ነው ዓይኑን ገበያ ላይ የጣለው።